ሰፈሩ መጀመሪያ

ኮሪን ዛሚት መልሱን በፎቶ አስደግፋ ነበር የላከችው። የስክሪኑን ፎቶ አንስታ፣ ሰውየው መጫን ያለበትን ቁልፍ በቀይ ከብባ፣ ቀስት ሥላበት፣ ከሥሩ «እዚህ ጋ ይጫኑ» ብላ ጻፈች። ለማንም ተጠቃሚ እንዲህ ተጨንቃ አስረድታ አታውቅም፤ ስትልከው ደስ ብሏት ነበር።

መልሱ ከምሳ በፊት መጣ።

«ፎቶው ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። የእኔ ዓይን ስለማያይ ለውሻዬ አሳየኋት። ትንሽ አሸተተችውና ተኛች። ለመሆኑ ለአንቺ ማን አነሳልሽ?»

ኮሪን ደጋግማ አነበበችው። ፊቷ ሲግል ተሰማት፤ ቤት ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም ባይኖርም ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች። ከወንዙ ማዶ ካለው የስኳር ፋብሪካ የሞላሰስ ሽታ ይመጣ ነበር። የሸንኮራው አጨዳ ተጀምሯል።

ከሰው ሁሉ እሷ እንዲህ መሳሳት አልነበረባትም። የምትሠራበት ፕሮግራም ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ ለዓይነ ስውራን በድምፅ የሚያነብ ነው። በነጻ ይታደላል፤ ኮዱም ለሁሉ ክፍት ስለሆነ የፈለገ ገብቶ ያያል፣ የቻለ ያሻሽላል። ፕሮግራሙ ብቻውን አላነብም የሚላቸው ገጾች አሉ፤ ለእነዚያ ገጾች በየአገሩ ያሉ ሰዎች በትርፍ ሰዓታቸው ተሰኪ፣ ማለትም በላዩ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ይጽፉለታል። ኮሪን በኃላፊነት የምትንከባከበው ተሰኪ በሠንጠረዥ የታጨቁ ገጾችን ረድፍ በረድፍ የሚያስነብብ ነው። ከዓይነ ስውራን በቀር የሚፈልገው የለም።

ነገር ግን ሰውየው የጻፈላት አቤቱታ ደረቅ ነበር። «ከአዲሱ እትም ወዲህ ስምሪቱ ዘግይቶ ይደርሰኛል። የቀድሞውን መልሱ» ይላል፤ ከሥሩ የእትሙ ቁጥር፣ የኮምፒውተሩ ዓይነት። የላኪው ስም በሚጻፍበት ቦታ የማካይ ከተማ የታክሲ ድርጅት ስም ብቻ አለ። ኮሪን የድርጅቱ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው ብላ ደመደመች። እሱም በበኩሉ እሷን ዓይነ ስውር ናት ብሎ ደምድሟል፤ ምክንያቱም ተሰኪውን መጀመሪያ የጻፈው ኖርማን ዓይነ ስውር ነው።

ኖርማን በዚያው ታክሲ ድርጅት ስምሪት ክፍል ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። ተሰኪውን ለራሱ ሥራ ብሎ ጻፈው፣ ከዚያ ማንም እንዲወስደው ለቀቀው፣ ሰዎችም ወሰዱት። ጡረታ ሲወጣ የሚረከበው ሰው ፍለጋ ወደ ዩኒቨርሲቲው መጣና ለተማሪዎቹ ንግግር አደረገ። ክፍለ ጊዜው አልቆ ሁሉም ተራ በተራ ሲወጣ ኮሪን ብቻ ቀረች። ሽማግሌው እየተናገረ ሳለ ጥላው መሄድ አፍራ ነው። ኖርማን ግን የአንድ ሰው ትንፋሽ እንደቀረ ሰማና ፍላጎት መሰለው። እሷም አይደለም ማለት አፈረች። ከዚያ ወዲህ ተመርቃ ሥራ ይዛ እንኳ ተሰኪውን አልተወችውም፤ ቅዳሜና እሁዷ የእሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ለመልሱ መልስ ጻፈች። ጽፋ አጠፋች፣ ጽፋ አጠፋች። በመጨረሻ የላከችው ይህን ነበር፦ «እኔ አያለሁ። ይቅርታ። እኔም ማካይ ነው የምኖረው።»

ወዲያው መጣ። «ታዲያ ምን እንጻጻፋለን? ነገ ጠዋት ስምሪት ክፍል ነይ። ክላይቭ ብለሽ ጠይቂ። ሁሉም ያውቀኛል፤ የማያውቀኝም ውሻዬን ያውቃታል።»

*

ስምሪት ክፍሉ ከጎማ መሸጫው በላይ ያለው ፎቅ ነው። ክላይቭ ግዙፍ ሰው ነው፤ ጢሙ ነጭ፣ ቁምጣው አጭር፣ ካልሲው እስከ ጉልበቱ የተሳበ። የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አውርዶ እጁን ዘረጋላት።

«ዛሚት? የዎከርስተኖቹ ዛሚቶች?»

«አዎ። አያቴ ናቸው እዚያ እርሻ የነበራቸው።»

«እና ባዶ እጅሽን መጣሽ? የማልታ ዘር በአይብ የተሞላ ፓስቲዚውን ጋግሮ ሳይዝ ሰው ቤት ይገባል እንዴ?»

«አላሰብኩም ነበር... ሌላ ጊዜ አመጣለሁ፣ አቶ ክላይቭ።»

«አቶ! ጆይሊን፣ ሰማሽ? ዛሬ አቶ ሆኛለሁ!» አለ ድምፁን ወደ ኋላ ከፍ አድርጎ። ከወዲያኛው ጠረጴዛ የክፍሉ ኃላፊ ጆይሊን ስልክ ይዛ እጇን አወናጨፈች፤ ዝም በል ማለቷ ነው። «ስሚ ልጄ፣ እዚህ ከተማ ከእኔ የሚያንስ ሁሉ አጎቴ ነው የሚለኝ። የአንቺ አያት ሸንኮራ ሲሸጥ የእኔ አያት ሸንኮራ ይቆርጥ ነበር። ዝምድና ከዚህ በላይ የለም።»

ኮሪን ሳቋን በከንፈሯ ያዘችና የሰጣት ወንበር ላይ ተቀመጠች። የክላይቭ ውሻ ከጠረጴዛው ሥር አንዴ ቀና ብላ አይታት መልሳ ተጋደመች።

ክላይቭ የማዳመጫውን ሽቦ ከኮምፒውተሩ ነቀለ። ክፍሉ በድምፅ ተሞላ። ኮሪን የሰማችው ንግግር አይመስልም፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ በረዶ ነው። ቆመ፣ እንደገና ወረደ፣ ቆመ።

«ምን አለ?» አላት።

«አልገባኝም።»

«ቀስ ላድርገው እሺ። አንቺ በምን ፍጥነት ነው የምታዳምጪው?»

ኮሪን ውሸት መናገር አትችልበትም፣ እውነቱን መናገርም አሳፈራት።

«ልጄ? አለሽ?»

«ድምፁን አጥፍቼ ነው የምሠራው» አለች።

ክላይቭ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«አንባቢው የሚናገረውን በጽሑፍ የሚያሳይ መስኮት አለ» አለች ኮሪን ቶሎ ቶሎ። «እሱን ነው የማነበው። የምናይ ሰዎች ብዙዎቻችን እንዲያ ነው የምንሠራው። ድምፁ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ... ያደክማል።»

«ሾርባ ሠርተሽ ጨውን በዓይንሽ ነው የምትለኪው በይኛ!»

ከወዲያ ጆይሊን ስልኩን እንደያዘች ሳቀች። ክላይቭም ሳቀ፤ ክፋት የለበትም። ኮሪን ግን እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ቆየች። ከወራት በፊት ያወጣችውን እትም ስትፈትሽ በዚያ የጽሑፍ መስኮት ውስጥ እንዴት ያማረ ነገር ሆኖ እንደታያት አስታወሰች። የኖርማን አሠራር ወግ የለሽ መስሏት ነበር፤ ሰፈሩን ያስቀድማል፣ ከዚያ መንገዱን፣ ከዚያ የቤት ቁጥሩን፣ ስም መጨረሻ። መጠሪያ የለው፣ ማብራሪያ የለው። እሷ ሁሉንም በወጉ ደረደረችው። የትዕዛዝ ቁጥር ይህን ያህል፤ የደንበኛው ስም እገሌ፤ የመነሻ አድራሻ፣ የቤት ቁጥር፣ መንገድ፣ ሰፈር። እያንዳንዱ በመጠሪያው ተጠርቶ። ከየአገሩ ያመሰገኗት ሰዎች ነበሩ።

«አሁን ዝም ብለሽ እይኝ» አለ ክላይቭና ማዳመጫውን መልሶ አጠለቀ።

በቀኝ ጆሮው ሾፌር ወይም ደዋይ ያናግራል። በግራው ስክሪኑን ይሰማል። ሰዎች ከስልካቸው፣ ከሆስፒታሉ፣ ከሆቴሎቹ የሚልኩት ትዕዛዝ አንድ በአንድ ይወርዳል፤ እሱ ለእያንዳንዱ የሚቀርበውን መኪና ይመድባል። ለዚያ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሰፈሩ። በኖርማን ጊዜ ሰፈሩን እንደሰማ ጣቱ ድምፁን ይቆርጠውና መኪናውን ይመድብ ነበር፤ ቀሪውን መስማት አያሻውም፣ ለሾፌሩ በራሱ ስክሪን ይደርሰዋል። አሁን ሰፈሩ እስኪመጣ ቁጥሩንም ስሙንም መጠሪያውንም ሁሉ መጠበቅ አለበት። እሱ ሲጠብቅ ደዋዩ «ሃሎ? አለህ ወይ?» ይላል፤ ከሥር ሌላ ትዕዛዝ ይወርዳል።

ዓይን ገጹን በአንዴ ያየዋል፤ የፈለገውን ይለቅምና ሌላውን ይተዋል። ጆሮ ግን ተራ ይጠብቃል። ኮሪን ይህን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

«ለምን ወደ አሮጌው እትም አይመለሱም?» አለች ሾፌሩን አናግሮ ሲጨርስ።

«በፋሲካ ድርጅቱ የስምሪት ፕሮግራሙን ቀየረ። የኖርማን ተሰኪ አዲሱን አያነበውም። የሚያነበው ያንቺ ብቻ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለዚህ ወደድኩም ጠላሁም አንቺው ነሽ ያለሽኝ።»

ስትወጣ ጆይሊን እስከ ደረጃው ሸኘቻት። ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ነች፤ ስትናገር ቁልፎቿን እያንቀጫቀጨች ነው።

«የኮምፒውተር ሰው ነሽ አይደል? እውነቱን ልንገርሽ። ክላይቭን እወደዋለሁ፣ እዚህ ሁሉም ይወደዋል። ግን ከፋሲካ ወዲህ እጁ ከብዷል። የሚቀጥለው ሐሙስ የእርሻ ትርዒቱ ይከፈታል። ያን ቀን ከተማው በሙሉ ነው ታክሲ የሚጠራው። ሐሙስ ለጥሪው ከደረሰ ደረሰ፤ ካልደረሰ ወንበሩን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው። እሱን ታክሲ ውስጥ የተረሳ ዕቃ የሚመለስበት ክፍል አስገባዋለሁ።»

«እሱ ያውቃል?»

«እንዴት አያውቅም! ነግሬዋለሁ። ‹እየለመድኩት ነው› ይለኛል በየቀኑ።»

ኮሪን የዘገየው እሱ አይደለም ልትል ነበር። ጆይሊን ግን ስልክ ጠርቷት ተመልሳ ገብታ ነበር።

*

እቤቷ ስትደርስ ስክሪኑን በፎጣ ሸፈነችው፤ ድምፁን ከፍ አደረገች፤ ለሙከራ የምትጠቀምበትን የትዕዛዝ ገጽ ከፍታ ማዳመጥ ጀመረች። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጋም ቢሆን ከጥቂት ረድፎች በኋላ ተናደደች። የምትናደድበት ሰው ሲጠፋ በራሷ ሳቀች። የደንበኛው ስም፣ የደንበኛው ስም፣ የደንበኛው ስም። ማን ጠየቀሽ?

ለኖርማን ደወለች። ጀልባው ላይ ነበር፤ ነፋስ ይሰማል።

«ኖርማን፣ ሰፈሩ ለምን መጀመሪያ እንደሚነበብ ኮዱ ላይ የትም አልጻፉም።»

«ምን ብዬ ልጻፍ? ውሃ እርጥብ ነው ብዬ?»

«እኔ ስህተት መስሎኝ አስተካከልኩት።»

ኖርማን ረጅም ሳቅ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። «አይ ልጄ። ጥፋቱ የእኔም ነው። ለራሴ ነበር የጻፍኩት፤ ራሴን ምን አስረዳዋለሁ? አሁን አንቺ ጻፊው። ለሚቀጥለው ሰው።»

ሥራው ቀላል አልነበረም። አዲሱ የስምሪት ፕሮግራም አድራሻውን በአንድ ጥቅል ነው የሚያስቀምጠው፤ ሰፈሩን ለብቻው ለማውጣት ከጥቅሉ ውስጥ ፈልጎ መለየት ያስፈልጋል። ኮሪን የማካይንና የአካባቢውን ሰፈሮች ስም ሁሉ ለተሰኪው አስጠናችው። ከዚያ ምን ልታደርግ እንዳሰበች ተጠቃሚዎች በሚሰባሰቡበት ገጽ ላይ አሳወቀች፤ መጠሪያዎቹ ይወጣሉ፣ ንባቡ አጭር ይሆናል።

በማግስቱ ደኒደን ከተማ ከምትኖር ሞራግ ከምትባል ሴት መልስ አገኘች። ሞራግ ዓይኗ የጠፋው ባለፈው ዓመት ነው፤ ሥራዋ በጥርስ ሐኪም ቤት ለሕመምተኞች ቀጠሮ መያዝ ነው። «እባክሽ መጠሪያዎቹን አትንኪብኝ» ይላል ጽሑፏ። «ሠንጠረዡ ውስጥ የት እንዳለሁ የማውቀው በእነሱ ብቻ ነው። ካንቺ እትም በፊት በየቀኑ እየጠፋሁ አለቅስ ነበር።»

ኮሪን ይህን ካነበበች በኋላ ቀኑን ሙሉ ኮድ አልጻፈችም። አመሻሽ ላይ ክላይቭ ደወለ።

«እንዴት ነሽ የእኔ ሐኪም? መጠሪያዎቹን አውጥተሽ ጣልሻቸው?»

«አልጣልኳቸውም።»

«ምን ሆነሽ?»

«አልጥላቸውም፣ አጎቴ። የሚያስፈልጋቸው ሌሎች ሰዎች አሉ።» ስለ ሞራግ ነገረችው።

ክላይቭ አዳመጠ። «አሳዘነችኝ» አለ። «የመጀመሪያውን ዓመት አውቀዋለሁ። ግን ልጄ፣ እሷ ገና ዕድሜ ሙሉ ጊዜ አላት። እኔ እስከ ሐሙስ ነው ያለኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሁለቱንም እሠራለሁ። አጭሩንም ረጅሙንም። በአንድ ቁልፍ ይቀያየራል።»

«እስከ ሐሙስ?»

ኮሪን ይደርሳል ብላ ቃል መግባት አልፈለገችም።

«ለእኔ ብቻ የሚሆነውን አሁን ብትሰጪኝስ? ሌላውን ከትርዒቱ በኋላ ትጨርሻለሽ።»

«ለእርስዎ ብቻ ለይቼ ከሰጠሁዎት የእርስዎ ተሰኪ ከሌላው ተለይቶ ይቀራል። ዋናው ሲሻሻል የእርስዎ አይሻሻልም። የስምሪት ፕሮግራሙ እንደገና ሲቀየር እንደ ኖርማን እትም ሳያነብልዎ ይቀራል።»

«ሲቀየር ያኔ እናያለን!»

«አይሆንም፣ አጎቴ።»

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ክላይቭ «ደግ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ቀልድ ሳይጨምር ሲዘጋ የመጀመሪያው ነበር።

ከሥራዋ ፈቃድ ወሰደች። በሰሌን ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለስክሪኑ ሰጥታ፣ ኪቦርዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ትሠራለች፤ እያዳመጠች ታርማለች። ጆሮዋ እየለመደ ሲሄድ ፍጥነቱን ጥቂት በጥቂት ጨመረች። ክላይቭ የሚሰማበት ደረጃ ላይ አልደረሰችም፤ ግን ሰፈሩ ከአፉ ሲወጣ መለየት ቻለች። ስሌድ ፖይንት። አንደርግሮቭ። ቡኬዢያ። ጣቷ ሳታዘው ድምፁን ሲቆርጠው አንድ ጊዜ ራሷን ያዘች።

ተሰኪው ከመጀመሪያ ጀምሮ የቆየ ሕግ አለው፤ የጻፈ ሰው ብቻውን አይለቅም፣ ሌላ ሰው ማየት አለበት። ረቡዕ ጠዋት ኖርማን አዳመጠው። «ይሄዳል» አላት። «ኮዱ ውስጥ የጻፍሽውንም ማብራሪያ አነበብኩት። ‹ሰፈሩ መጀመሪያ የሚመጣው የስምሪት ሠራተኛ መኪና የሚመርጠው በሰፈር ስለሆነ ነው፤ ቦታውን ከመቀየርህ በፊት ድምፁን ከፍተህ አዳምጥ።› እኔ ብሆን ስድብ ጨምሬበት ነበር።»

*

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስምሪት ክፍል ስትደርስ ጆይሊን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የትርዒቱን ቀን የመንገድ መዝጊያዎች እየለጠፈች ነበር። ኮሪን የመጣችበትን ነገረቻት። ጆይሊን ሳትዞር ራሷን ነቀነቀች።

«አይሆንም። በትርዒት ሳምንት እዚህ ቤት አምፖል እንኳ አልቀይርም።»

«አጭር ሥራ ነው።»

«እንዲያ ያለ ሌላም ነበር። ያን ዓመት ግማሽ ቀን ስልክ አልነበረንም። ከትርዒቱ በኋላ ነይ።»

ክላይቭ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነው። ማዳመጫውን አላጠለቀም፤ እየሰማ ነው። የወንበሩን ክንድ በጣቱ ይደበድባል።

ኮሪን ወለሉን እያየች «የዘገየው እሱ አይደለም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«የሚያዘግየው የእኔ ሥራ ነው። ሰፈሩን መጨረሻ ላይ እንዲናገር ያደረግኩት እኔ ነኝ። ነገ በዚያው ከፈተንሽው የምትፈትኚው እኔን ነው፤ ወንበሩን የሚያጣው ግን እሱ ነው።»

ጆይሊን የቀረውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ወደ ክላይቭ ዞረች። «አንተ ይህን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ አፍህን ምን ለጎመው? በየቀኑ እየለመድኩት ነው፣ እየለመድኩት ነው!»

«የድሮው ፕሮግራም ጊዜ ‹ዕቃው ነው› ስልሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?»

«ምን አልኩህ?»

«‹ሌሎቹ በዚያው ዕቃ ነው የሚሠሩት፣ አንተ ሰበብ አታጣም› አልሽኝ። ሰው ሁሉ ፊት። ከዚያ ወዲህ ስለ ዕቃ አላወራሽም።»

ጆይሊን ቁልፎቿን ማንቀጫቀጩን ተወች። ሁለት ስልክ ጠርቶ ሌላ ሠራተኛ አነሣው።

«ብያለሁ መሰለኝ» አለች በመጨረሻ። «አዎ፣ ብያለሁ።» ወደ ኮሪን ዞረች። «ቢበላሽስ?»

«አንድ ቁልፍ ሲጫን ዛሬ ወደሚሠራበት ይመለሳል። ረጅሙ ንባብ አልወጣም፤ ሁለቱም ውስጡ አሉ።»

«ያለ ኮምፒውተር ሰው? በራሱ ጣት?»

«በራሱ ጣት።»

«ነገ ግን ከጎኑ ትቀመጫለሽ። ከመጀመሪያው ጥሪ እስከ መጨረሻው።»

«እቀመጣለሁ።»

«ግቢ እንግዲህ። አስገቢለት።»

ክላይቭ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ቦታ ለቀቀላት። ስትጨርስ ማዳመጫውን አጠለቀ፤ አንድ ረድፍ ሰማ፣ ሁለት ረድፍ ሰማ። ጣቱ ተንቀሳቀሰ።

«ኧረ ሰላም ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ኧረ እንዴት ሰነበትክ።»

ለተሰኪው ነበር የሚያወራው።

*

የትርዒቱ ሐሙስ በማካይ ሥራ የለም፤ ከተማው ሁሉ ወደ ትርዒቱ ሜዳ ይሄዳል። ኮርማና ፈረስ ለማየት፣ ለኬክ ውድድሩ፣ ለሽክርክሪቱ። ታክሲ የሚጠራው ሰው ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ኮሪን ከክላይቭ በስተግራ ተቀምጣ እጆቿን ጭኖቿ ሥር አደረገች፤ ኪቦርዱን እንዳትነካ።

ምንም የምታደርገው ነገር አልነበረም። ትዕዛዝ ይወርዳል፣ የድምፁ በረዶ ገና ከመጀመሩ ይቆረጣል፣ መኪናው ተመድቧል። ክላይቭ በዚያው መሐል ከሾፌሮቹ ጋር ይነታረካል።

«አንተ ሬይ፣ አንደርግሮቭ የምታደርስ መስሎኝ? የሥጋ ፓይ ልትገዛ ነው የቆምከው? ሽታው በስልኩ እየመጣብኝ ነው እኮ!... ኧረ በል፣ እማማ ዶሪስ ኬካቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል፣ ዘንድሮም ሳይሸለሙ ቢቀሩ ባንተ ነው የሚያላክኩት።»

ጆይሊን በየሰዓቱ ትመጣና ከኋላው ትቆማለች። አይታ ትሄዳለች።

ከምሳ በኋላ አንድ ትዕዛዝ ሲወርድ የክላይቭ ጣት ወደ መቁረጫው ሄዶ ዘገየ። ደዋይ እያናገረ ስለነበር ሰፈሩን አልፎ መንገዱን፣ መንገዱንም አልፎ የቤት ቁጥሩን ሰማ። ፊቱን ቋጠረ። ደዋይዋን «አንዴ ቆዩኝ፣ እመቤቴ» አላት።

«ኮሪን፣ ዎከርስተን ይለኛል። የቤት ቁጥሩ ግን በሺህ ነው። ዎከርስተን ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም፤ የገጠር ቁጥር ነው።»

ኮሪን አንገቷን ወደ ስክሪኑ ሰገግ አደረገች። ገና ሳታነበው ግን ክላይቭ የመቀየሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ነበር። ረጅሙ ንባብ ጀመረ፤ የትዕዛዝ ቁጥር፣ የደንበኛ ስም፣ የመነሻ አድራሻ። መጨረሻ ላይ ሰፈሩ መጣ፤ ሆምቡሽ።

መንገዱ በዎከርስተን ስም የሚጠራ ነው። ተሰኪው ከጥቅሉ ውስጥ ያን ስም ቀድሞ አገኘና ሰፈር አደረገው። ኮሪን ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት፤ ጉንጮቿ ጋሉ።

«መንገዱን ከሰፈር አደናግሯል» አለች። «ይቅርታ። አሁኑኑ ላስተካክለው እችላለሁ፣ ትንሽ...»

«አሁን አይሆንም። አሁን እጅሽን ከኪቦርዴ አርቂ።» ለሆምቡሽ የሚቀርበውን መኪና መደበ፣ ወደ አጭሩ ንባብ ተመለሰ፣ ወደ ደዋይዋ ዞረ። «እመቤቴ፣ ታክሲዎ ድልድዩን ተሻግሯል። ባርኔጣዎን ይልበሱ።»

ከዚያ በኋላ በዎከርስተን የጀመረ ትዕዛዝ በመጣ ቁጥር ረጅሙን እያስነበበ አረጋገጠ። ኮሪን ስህተቱን ስልኳ ላይ ጻፈችና እጆቿን መልሳ ጭኖቿ ሥር አደረገች።

ሲመሽ የርችቱ ድምፅ በመስኮቱ ገባ፤ የክላይቭ ውሻ ጆሮዋን አቁማ መልሳ ጣለች። ጥሪው ረገብ አለ። ጆይሊን መጥታ ከክላይቭ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ኮሪን ስትቀመጥ ስታያት የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

«የሆምቡሹን አይቻለሁ» አለች ጆይሊን።

«ስህተቱ ተይዟል እኮ» አለ ክላይቭ።

«አይቻለሁ አልኩህ እንጂ አልተያዘም አልኩህ?» ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሻሸች። «በሚቀጥለው ዕቃው ሲበላሽ ዕቃው ነው በለኝ። ሰበብ አልልህም።»

«ሰው ሁሉ ፊት ትይዋለሽ?»

«ክላይቭ፣ ደክሞኛል።»

«እሺ እሺ። ጠረጴዛዬ ላይ አትተኚብኝ ብቻ።»

ኮሪን ቦርሳዋን አንስታ ደህና እደሩ አለች። ክላይቭ አንገቱን ወደ ድምፅዋ አዞረ። ስለ ሞራግ ጠየቃት፤ አጭሩን ሞክራው እንደሆነ። ገና ነው አለችው። «ንገሪያት» አለ። «ረጅሙን አልጠላሁትም በያት።»

ዓርብ ጠዋት ኮሪን የመንገዶቹን ስህተት አረመች። ኖርማን አዳመጠው፤ ከሰዓት በኋላ አዲሱ እትም ለሁሉም ተለቀቀ። ጆይሊን በክላይቭ ቦታ ሌላ ሰው ለመቅጠር ያዘጋጀችውን ማስታወቂያ ሳታወጣው ቀረች። ሰኞ ዕለት ክላይቭ በመደበኛ ፈረቃው ገባ።